የሳቢት መንገድ ተሰርዟል

ሾፌር ሳቢትን የማያውቅ ሰው ገዳሪፍን አውቃለሁ ባይል ይሻለዋል። ሳቢት አንድ ጊዜ፣ ኸሪፉ፣ ክረምቱ፣ ገብቶ ያ ጥቁር አፈር ዝናብ ጠጥቶ እንደ ሊጥ ሲላቆጥ፣ ሰሊጥ ጭኖ ከሀዋታ ሲመጣ ሎሪው እስከ መስኮቱ ሰመጠ። ከዳር በኩል ደረቅ መንገድ አለ፣ ዞር በል ብለው ሰዎች ለመኑት። «አባቴ በዚህ ሄዷል፣ እኔም በዚህ ነው የምሄደው» አለና መሪውን እንደጨበጠ ቁጭ አለ። ጭቃው እስኪደርቅ አርባ ቀን ጠበቀ። የጫነው ሰሊጥ እላዩ ላይ በቀለ፣ አበበ፣ አፈራ። ሳቢት ወርዶ አጨደውና ገዳሪፍ ሲገባ ከጫነው እጥፍ አራገፈ። ውሸት ነው የምትሉ ሎሪውን ሂዱና እዩት፤ እስከ ዛሬ በጎማው መሀል ቡቃያ ብቅ ይላል።

እሺ፣ ትንሽ ጨምሬበታለሁ። ያፈራው ግማሹ ብቻ ነው። አሁን የምነግራችሁን ግን አንድ ቃል አልጨመርኩበትም፤ ብጨምርም ከእውነቱ አይበልጥም።

ስሜ ጋረደው ነው። በሐጂ ኸይረዲን የሰሊጥ ንግድ ቤት የጄነሬተሩ ሰው ነኝ። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ አምስተኛን መምህሩ ስለታመመ አልተማርኩትም፣ ስድስተኛን ደግሞ እኔ ታመምኩ። ከጄነሬተሩ ግድግዳ ማዶ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች፤ እዚያ መደርደሪያ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ጥቁር ሳጥን ተጋድሟል። ሥራው የኢሜይል ዘበኝነት ነው። ወደ ንግድ ቤቱ የሚገባ፣ ከንግድ ቤቱም የሚወጣ ደብዳቤ ሁሉ በእሱ እጅ ያልፋል። የአጭበርባሪውን ይጥላል፣ በሽታ ያለበትን ይገድላል፣ ስድብ ያለበትን ደግሞ ማቆያ ውስጥ ይከተዋል። ይህንን የመጨረሻውን ያስተማረው መሐንዲሱ ሉጥፊ ነው፤ የድሮው ጸሐፊያችን አንድ የጅዳ ደንበኛን «አህያ» ብሎ ጽፎ ደንበኛው ከሄደብን በኋላ።

ሉጥፊ ጦርነቱ ሲመጣ ወደ ፖርት ሱዳን ሄደ። ሲሄድ የሳጥኑን የይለፍ ቃል በጄነሬተሩ ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ በቀለም ጻፈና «እዚህ ከአንተ በቀር የሚያይ የለም» አለኝ። እውነቱን ነው። ሰው ሁሉ ጄነሬተሩን የሚያስታውሰው ሲጠፋ ብቻ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ጄነሬተሩን አስነስቼ እጄን በጨርቅ ስጠርግ ባሕሪያ መጣች። ባሕሪያ የቤቱ ደብዳቤ ጸሐፊ ናት፤ ዐረብኛውንም አማርኛውንም ታንቆረቁረዋለች፣ እንግሊዝኛውን እየተደናበረችም ቢሆን ትደርስበታለች። ዓይኗ ቀልቷል። ያለቀሰች እንዳይመስላችሁ፤ የባሕሪያ ዓይን የሚቀላው ስትናደድ ነው።

«ጋረደው፣ ዛሬ ውሸት እንዳትነግረኝ» አለች።

«ኧረ ገና አፌን አልከፈትኩም!»

«ሰልማንን ዛሬ ሊጭኑት ነው።»

ሰልማን ታናሽ ወንድሟ ነው። ከአሥራ ስምንት ሠራተኞች ጋር የሐጂን ሰሊጥ ሊያጭድ ቁረይሻ ወርዶ ኬላ ላይ ተይዟል። የሥራ ፈቃዳችሁ ጊዜው አልፏል፣ አሠሪያችሁ የሚያውቃችሁ ከሆነ ይጻፍ ተብለዋል። ደብዳቤው እዚህ ገዳሪፍ ላለው የፈቃድ ቢሮ፣ መክተብ ለምንለው፣ በኢሜይል መድረስ አለበት፤ ያውም መክተቡ በመዝገቡ ከያዘው ከንግድ ቤቱ አድራሻ። ወረቀት አይቀበሉም፣ ማኅተም የሚቀርጽ ሰው በየጥጉ ሞልቷል። ስልክም አይቀበሉም። እስከ ማክሰኞ ዙሁር ሶላት ካልደረሰ ሁሉንም ጭነው ከድንበሩ ማዶ ሊያራግፏቸው ነው።

ሰልማን ደግሞ ገዳሪፍ ተወልዶ ገዳሪፍ ያደገ ልጅ ነው። ማዶ ያለው አገር የአባቱ ነው እንጂ እሱ እዚያ የሚያንኳኳው አንድ በር የለውም፤ ያውም ተኩስ በማይጠፋበት ጊዜ። እናታቸው ስትሞት ባሕሪያ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ያጎረሰችውም፣ ያሳደገችውም እሷ ናት።

«ደብዳቤውን አልላክሽም እንዴ?»

«ከእሑድ ጀምሮ ሦስት ጊዜ! ትናንት በእግሬ ሄጄ ጠየቅኋቸው። ሰውየው ኮምፒውተሩን አዙሮ አሳየኝ፤ ባዶ ነው። ሦስቱም እኛው ሳጥን ውስጥ ተሰልፈው ቆመዋል። ይጠብቁ ይላል። ምኑን ነው የሚጠብቁት?»

ተያይዘን ወደ ሙዳሲር ገባን። ሙዳሲር ሥራ አስኪያጃችን፣ ሙዲራችን ነው። ሐጂ ከሰላ ከወረዱ ወዲህ ቁልፉን ሁሉ የያዘው እሱ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈሪ ነው። ፈሪ አለቃ ደግሞ ከክፉው ይብሳል፤ ክፉውስ አንዳንድ ቀን ይደክመዋል። በሳጥኑ ክፍል በር ላይ «መንካት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት በዐረብኛ ጽፎ፣ እንዳይጠራጠሩት ሦስት ማኅተም መቶበት ለጥፏል።

«ላ፣ ላ፣ ላ» አለ ገና ሳንጀምር። «ቴክኒሻኑ እሑድ ከከሰላ ይመጣል፣ ኢንሻአላህ። እስከዚያ ማንም አይነካም።»

«እሑድ ወንድሜ የት ነው የሚሆነው?» አለች ባሕሪያ።

«ሳጥኑ ቢበላሽ ሐጂ ማንን ነው የሚጠይቁት? አንቺን? ይሄን የጄነሬተር ሰው? እኔን ነው!»

«የታሰሩት እኮ የሐጂ ሠራተኞች ናቸው።»

«ደብዳቤውማ ከእኛ ወጥቷል። መክተቡ ነው የካደው። እኛ ያለብንን አድርገናል፤ ኸላስ፣ በቃ።»

«ሙዲር፣ ከወጣ ለምን ተሰልፎ ይታያል?» አልኩ እኔ።

«አንተ ሂድና ዘይትህን ለካ!»

ሰው ዘይትህን ለካ ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ዘይቱ ሙሉ ነበር።

ወጥተን ከጄነሬተሩ አጠገብ ቆምን። ሰዓቱ አምስት ሊሆን ነው፤ ዙሁር የሚባለው ስድስት ላይ ነው።

«ሌላው ደብዳቤስ?» አልኳት። «ሁሉም ነው የቆመው?»

«ኧረ አይደለም። የጅዳው ትናንት ደረሰ። ለሐጂ የላክሁት ዛሬ ጠዋት ደረሰ። ከዱባይ መልስ መጥቷል።»

«ባሕር የሚሻገረው እየደረሰ፣ በእግር ሩብ ሰዓት የሆነው ቀረ?»

«ቀረ።»

«እንግዲያ መንገዱ ሌላ ነው ማለት ነው» አልኩ። ይህን ስል ሳቢት ትዝ አለኝ።

ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ያን ጊዜ ጣሪያው ላይ ያለው የሳተላይት ሳህን አልነበረም፤ ኢንተርኔቱ በሽቦ ነበር። ወደ ፈቃድ መክተቡ ደግሞ ለብቻው የተዘረጋ ሌላ ሽቦ ነበረ። ሉጥፊ ሳጥኑን በኮምፒውተሩ ከፍቶ ሲጽፍ ሲጽፍ ቆየና «ለመክተቡ ጠሪቅ ሳቢት ሠራሁለት» አለኝ። ጠሪቅ መንገድ ነው፣ ይህን ሕፃንም ያውቃል። ሳቢትን ደግሞ ማን ያጣዋል! ደብዳቤያችን በሳቢት ሎሪ መንገድ ያልፋል ማለቱ መሰለኝ። በማግስቱ ሳቢትን ገበያ ላይ አግኝቼ «የእኛን ደብዳቤ አደራ» አልኩት። እሱም ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ «አይዞህ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ ደረሰ በተባለ ቁጥር ሳቢትን እመርቅ ነበር።

ለሉጥፊ ደወልኩ፤ ባሕሪያ ጆሮዋን ጠጋ አደረገች።

«ባሽ ሙሀንዲስ፣ ጋረደው ነኝ።»

«ጄነሬተሩ ፈነዳ?»

«አልፈነዳም። ያ ሳቢት ሳይቸገር አይቀርም። ለመክተቡ ደብዳቤ ማድረስ ትቷል። ሎሪውንም ሰሞኑን አላየሁት።»

«የቱ ሳቢት?»

«ሾፌሩ ነዋ! ጠሪቅ ሳቢት ሠራሁ አላልከኝም?»

ሉጥፊ ሳቀ። ሳቀ ስላችሁ፣ ፖርት ሱዳን የቆሙ መርከቦች ሳይነቃነቁ አልቀሩም። ሳል እስኪይዘው ስቆ «አንተ ሰውዬ፣ ሳቢት እኮ የሰው ስም አይደለም!» አለኝ። «እሱስ ነው፣ ግን እኔ ያልኩት ሌላ ነው። ሳቢት ማለት የቆመ፣ የማይነቃነቅ ማለት ነው። ሳጥኑን 'ወደዚህ መክተብ የሚሄድ ሁሉ በዚህ በር ብቻ ይውጣ' ብዬ በእጄ የተከልኩለት መንገድ ነው። በሩም የዚያ የአሮጌው ሽቦ... ወላሂ! ሽቦው አለ እንዴ?»

«ሽቦውንማ አምና ኸሪፍ ጎርፍ ወሰደው። በተረፈው ሰው ልብስ ያሰጣበታል።»

«ኸላስ፣ ተገኘ! ስማኝ። የተለየ መንገድ ያልተጻፈለት ደብዳቤ ሁሉ በትልቁ በር ይወጣል፤ ትልቁ በር አሁን ሳተላይቱ ነው። የመክተቡ ግን የተለየ ስላለው ወደ ሞተው በር እየሄደ ይቆማል። አምና ማንም ለመክተቡ ስላልጻፈ አልታወቀም። በእጅ የተተከለ መንገድ፣ በሩ ቢሞትም በራሱ አይዞርም። በእጅ የተተከለ በእጅ ነው የሚነቀለው።»

አሰብኩት። መንገዱ ሰምጧል፣ አይዞርም። ከዳር ደረቅ መንገድ አለ፣ አይዞርም። ጭቃው ላይ አርባ ቀን ይቀመጣል።

«ታዲያ ሳቢት አይደለም ትለኛለህ?» አልኩት። «ቁርጥ እሱ!»

የጄነሬተሩን ሽፋን ገልብጬ የይለፍ ቃሉን ለባሕሪያ አሳየኋት። እጇን ጨብጣ ቆመች።

«ሙዲር ቢያየን?»

«ያየናል እንጂ ምን ያደርገናል? ዘይት ያስለካኛል?»

በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንስቼ ኪሴ ከተትኩት። ክልክሉ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው፤ ወረቀቱ ኪሴ ሲገባ ክልክሉም አብሮት ይገባል። ይህንን ስድስተኛ ክፍል ታምሜ ተኝቼ ነው የተማርኩት።

ባሕሪያ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች፤ ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርጌ አጠገቧ አቆምኩት። ሉጥፊ እየመራ፣ እሷ እየተከተለች፣ ኔትዎርክ የሚለውን ከፈተች፣ ከሥሩ ደግሞ ራውቲንግ የሚለውን። አንድ ገበታ መጣ። ትልቁ በር ለብቻው ተጽፏል፤ ከሱ በታች የተተከለው መንገድ አንድ ብቻ ነው። የፊደሎቹን ቅርጽ ከስደተኞች ካምፕ ትምህርት ቤት ስለማውቃቸው አንድ በአንድ ጠራኋቸው፤ «ኤስ... ኤ... ቢ... አይ... ቲ...»

«ሳቢት!» ብዬ ጮኽኩ። «ስሙን ጽፈህለት የለ! የሰው ስም አይደለም ይለኛል እንዴ!»

«ለመንገዱ ስም ስጥ ሲለኝ ምን ልበለው ታዲያ?» አለ ሉጥፊ። «አሁን፣ ከመንካታችሁ በፊት መስመሩን ወረቀት ላይ ገልብጡት። ከተሳሳትን እንመልሰዋለን። ዓይን ያላየውን እጅ አይንቀል።»

ወረቀት ፍለጋ ኪሴን ዳበስኩ። ያ ክልክል አለ። ባሕሪያ ጀርባው ላይ ገለበጠች፤ ነጥብ ነጥብ የገባባቸው አራት ቁጥሮች፣ የመክተቡ ሰፈር፤ ከጎኑ ሌሎች አራት ቁጥሮች፣ የሞተው በር። ከመስመሩ ጫፍ ላይ የቆሻሻ ቅርጫት ሥዕል አለ።

«እሱን ንኩት» አለ ሉጥፊ።

ነካችው። ጽሑፍ ብቅ አለ። «እርግጠኛ ነሽ ወይ ይላል» አለች።

«እኔ በዕድሜዬ እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም» አልኳት። «ንኪው።»

መስመሩ ጠፋ። ባሕሪያ ደብዳቤውን ለአራተኛ ጊዜ ላከች። ጠበቅን። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ፣ አራት ደቂቃ። ሰልፉን ከፍታ አየች፤ ሦስት የነበሩት አራት ሆነዋል።

«አልሄደም!» አለች። «ሉጥፊ! አልሄደም እኮ!»

ስልኩ ጸጥ አለ። ኔትዎርኩ ሄዷል። እንደዚህ ነው የእኛ አገር ስልክ፤ ለሠርግ ጥሪ ሲሆን እስከ ሱዋኪን ይሰማል፣ ለችግር ሲሆን ውሃ ልጠጣ ብሎ ይወጣል። ሰዓቱ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነው። በዚያው ሰዓት ከግቢው በኩል ሲጥ፣ ሲጥ የሚል ድምፅ መጣ። የሙዳሲር ቆዳ ጫማ ነው።

«አንቺ ፈልጊ» ብዬ ወጣሁና በሩን በትከሻዬ ዘጋሁት።

«ሙዲር! እዚያው ይቁሙ! አንድ እርምጃ እንዳይጨምሩ!»

ቆመ። «ምንድነው?»

«ጄነሬተሩ ኤሌክትሪክ እያፈሰሰ ነው። ወለሉን ሞልቶታል። አይታይም፣ ተኝቷል። ትናንት አንዲት ድመት ረግጣው ይኸው እስከ አሁን ጸጉሯ ቆሞ በሱቁ ሁሉ ትዞራለች፤ ሰዎች ጃርት መስላቸው በድንጋይ እየመቷት ነው።»

«ዊን?» አለ በዐረብኛ። ሙዳሲር ሲፈራ አማርኛው ይጠፋበታል። «ዊን የት?»

«እግርዎ ሥር። ጫማዎ ምስማር አለው?»

«አለው።»

«ያልታደሉ! ያውልቁትና በአንድ እግርዎ ይቁሙ። ኤሌክትሪክ ሁለት እግር ነው የሚፈልገው፤ በአንዱ ገብቶ በሌላው ካልወጣ ሰው አይገድልም።»

ወላሂ፣ የሐጂ ኸይረዲን ንግድ ቤት ሥራ አስኪያጅ ጫማውን በእጁ ይዞ በአንድ እግሩ ቆመ። እንደ ሽመላ። የራሃድ ወንዝ ሽመላዎች ቢያዩት አጎታችን ነው ብለው ይዘውት ይበሩ ነበር።

«ጋረደው!» ብላ ባሕሪያ ከውስጥ ጮኸች። «ከላይ በጥግ በኩል አንድ ነገር ብጫ ሆኗል! ቅድም እንዲህ አልነበረም! ኮሚት ይላል፣ ለውጡን... አጽድቁ መሰለኝ!»

ያን ጊዜ ገባኝ። ሳጥኑ እንደ ደህና ዘመድ ነው፤ ስትነግረው ይሰማል፣ ግን በቁም ነገር ነው ወይ ብሎ ይጠብቃል። «መሰረዝሽን ነገርሽው እንጂ አላጸደቅሽለትም!» ብዬ ጮኽኩ። «ሽማግሌ ስለተላከ ኒካሕ ታሰረ ይባላል እንዴ? እሰሪው!»

«ምኑን ነው የምታስረው?» አለ ሙዳሲር። «ባሕሪያ ናት? ውስጥ ናት? እሷ በስንት እግሯ ነው የቆመችው?»

ሙዳሲር ቀስ ብሎ ሁለተኛ እግሩን አወረደ። አንዴ ረገጠ፣ ሁለቴ ረገጠ። ጸጉሩ አልቆመም።

«አንተ ከዛብ! ውሸታም!» ብሎ በጫማው ትከሻዬን አለኝና ገፍቶኝ ገባ።

ባሕሪያ ጣቷን አዝራሩ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«ቁሚ! እጅሽን አንሺ! ሐጂን ምን ልላቸው ነው?»

ዞር ብላ አየችው። ድምፅዋን አላነሳችም። «ወንድሜን አራገፉት ከምትላቸው፣ ባሕሪያ ነካችው በላቸው» አለችና ተጫነችው።

ብጫው ጠፋ። ሦስታችንም ሰልፉን እያየን ቆምን። አራት ነበር። ሦስት ሆነ። ሁለት። አንድ። ባዶ። እንደ ኬላ እንጨት፣ ብድግ ሲል ሁሉም ተከታትለው ሄዱ። አዛኑ «አላሁ አክበር» ብሎ ሲጀምር የቢሮው ስልክ ጮኸ። መክተቡ ነው።

«ኧረ በቃችሁ ያ ጀማዓ!» ይላል ሰውየው። «አራት ጊዜ! አንድ ደብዳቤ አራት ጊዜ! አንብበነዋል፣ ለኬላው ኢፍራጅ ብለን ነግረናል፤ ይለቀቃሉ። ግን ገዳሪፍ ሲደርሱ ስማቸውን ዝርዝር አድርጋችሁ፣ ደርሰዋል ብላችሁ ከዚሁ አድራሻ ጻፉ። እስከ ነገ ካልደረሰን ማረጋገጫው ውድቅ ነው፣ እንደገና ይያዛሉ።»

ባሕሪያ ስልኩን አስቀመጠችና ወንበሩ ላይ እንዳለች ሱጁድ ልትወርድ ምንም አልቀራት። ሙዳሲር ግን ጫማውን እያሰረ ነበር።

«ደህና» አለ። «አልሐምዱሊላህ። አሁን መንገዱን እንደነበረው መልሱት።»

«ምን?» አልኩ።

«ቴክኒሻኑ ሲመጣ ሁሉም ሐጂ ባስቀመጡት ቦታ መገኘት አለበት። ማንም አልነካም፣ ምንም አልሆነም። መልሰው!»

«የነገውስ ማረጋገጫ? በሞተው በር ይውጣ?»

«የነገን ነገ እናያለን። መልስ!»

እኔን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል፤ በሕይወቴ ማንንም አለቃ እምቢ ብዬ አላውቅም። እሺ እላለሁ፣ አላደርገውም። እሺ ማለት የእኔ መሸሸጊያ ናት። በዚያን ቀን ግን ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ቁጥሮቹ ነበሩ፤ ብፈልግ በአምስት ደቂቃ እመልሰው ነበር።

«አልመልስም» አልኩት።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እኔም ዞር ብዬ ማን ነው ያለው ብዬ አየሁ። ጣፋጭ ነገር ነው። የሰሊጥ ሐላዋ በሉት።

«ምን አልክ?»

«አልመልስም፣ ሙዲር። ያ መንገድ ሞቷል። እኔ የሞተ ሰው አልጋ ላይ ሰው አላስተኛም። ከፈለጉ እርስዎ ይትከሉት፤ የይለፍ ቃሉን ግን ከእኔ አያገኙም።»

«እጽፍብሃለሁ! ለሐጂ እጽፍብሃለሁ! ዛሬውኑ ትባረራለህ!»

«ይጻፉ። መንገዱ ክፍት ነው።»

ገብቶ ጻፈ። የቁልፎቹ ጩኸት ግቢው ድረስ ይሰማ ነበር። ከሰዓት በኋላ ባሕሪያ ሳቋን በነጠላዋ አፍና መጣች።

«ና እይ» አለችኝ። «ሳጥኑ አሰረው።»

ማቆያው ውስጥ አንድ ደብዳቤ አለ፤ ከሙዳሲር ለሐጂ ኸይረዲን። ስለ እኔ የተጻፈ ነው። ሌባ ይለኛል፣ ከዛብ ይለኛል፣ አህያ ይለኛል፣ ወረድ ብሎ ደግሞ የአህያ ልጅ። ሉጥፊ ያስተማረው ሳጥን በጅዳው ደንበኛ ምክንያት የተማረውን ለእኔም አደረገ፤ ስድብ አይቶ ቀጥ አደረገው። ከደብዳቤው በላይ ሁለት ምርጫ ተጽፏል፤ አጥፋው፣ ልቀቀው።

«እናጥፋዋ!» አለች ባሕሪያ። «ማንም አያውቅም።»

ልቤ አልዋሸኝም፤ ፈልጎ ነበር። ግን አሰብኩት። ብለቀው ሐጂ ዛሬውኑ ውጣ ይሉኛል፤ ከወጣሁ ሙዳሲር መንገዱን ያስመልሳል፤ መንገዱ ከተመለሰ የነገው ማረጋገጫ ይቀራል፤ ሰልማን እንደገና ይታሰራል። ባጠፋው ደግሞ ያው እሺ ብሎ የሚሸሸገው ጋረደው ሆንኩ።

«ይቆይ» አልኳት። «ሰልማን እስኪገባ ይሄም ይታሰር።»

ረቡዕ ጠዋት ይደርሳሉ ተብሎ ነበር። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ የሉም። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ የሉም። ባሕሪያ ከበር ወደ መንገድ፣ ከመንገድ ወደ በር አሥር ጊዜ ተመላለሰች። ሙዳሲር «ሐጂ ለምን አይመልሱልኝም?» እያለ በየሰዓቱ ኮምፒውተሩን ይከፍታል። ቁረይሻ እኮ ሩቅ አይደለም። የከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ተሰግዶ ሰው ሲበተን አንዲት እስከ ጣሪያዋ ጭቃ የለበሰች ሎሪ እያቃሰተች ግቢ ገባች። መሪው ላይ የተቀመጠው፣ ሌላ ማን ይሆናል፣ ሳቢት ነው።

ከላይ አሥራ ዘጠኝ የጭቃ ሐውልቶች ወረዱ። አንዱ ሐውልት «እቴ» አለ። ባሕሪያ መጀመሪያ ትከሻውን በጡጫ መታችው፣ ከዚያ ጭቃውን ሳትጠርግ አንገቱን ይዛ ቀረች።

«ኬላው ጠዋት ነው የለቀቀን» አለ ሰልማን፣ እሷ ትከሻ ላይ እንዳለ። «ከኬላው መውጣት ቀላል ነበር፤ ከዚህ ሰውዬ ነው ያቃተን! ስድስት ጊዜ ሰመጥን፣ ስድስት ጊዜ ገፋን። ከጎናችን ደረቅ መንገድ አለ፣ መኪናው ሁሉ በዚያ ያልፋል፣ ሹፌሮቹ እጃቸውን ያውለበልቡልናል!»

«አባቴ በዚህ ነው የሄደው» አለ ሳቢት፣ ሻይ እየፈለገ።

ባሕሪያ እጇን ታጥባ ተቀመጠችና አሥራ ዘጠኙን ስም ጻፈች። ላከች። ሰልፉን አየሁ፤ ገና ሳይሰለፍ ሄዷል። መክተቡ በሩብ ሰዓት ውስጥ መለሰ፤ ደርሶናል፣ መዝግበናል፣ እባካችሁ ደግማችሁ አትላኩ።

ከዚያ ወደ ጠባቧ ክፍል ገባሁ። የሙዳሲርን ወረቀት ከኪሴ አወጣሁና ክልክሉን ወደ ውጭ፣ ቁጥሮቹን ወደ በሩ አድርጌ መልሼ ለጠፍኩት። ባሕሪያ ከኋላዬ ቆማለች፤ ሰልማን ከእሷ ኋላ።

«ማቆያውን ክፈቺልኝ።»

«ጋረደው፣ አብደሃል? ያባርሩሃል እኮ!»

«ያባርሩኝ። ሰው አስፈትቼ ደብዳቤ አስሬ ልኑር?» የሙዳሲርን ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች አስነበብኳት። ሁሉም አለበት፤ የይለፍ ቃሉ፣ እምቢታዬ፣ ጫማው፣ አንዱ እግር። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ከሱ በፊት የእኔን ጻፊ» አልኳትና እንዲህ አስጻፍኳት፤

«ይድረስ ለሐጂ ኸይረዲን። ከዚህ ቀጥሎ ከሙዳሲር የሚደርስዎ ደብዳቤ፣ ከስድቦቹ በቀር፣ እውነት ነው። ድመቷን ግን ረስቷታል። የሳቢትን መንገድ ከባሕሪያ ጋር የሰረዝኩት እኔ ነኝ። አሥራ ዘጠኙም ሠራተኞችዎ ገብተዋል። እንደነበረው መልስ ተብያለሁ፤ አልመልስም። የጄነሬተሩ ሰው ጋረደው።»

የእኔ ሄደ። ከዚያ ልቀቀው የሚለውን በራሴ ጣት ተጫንኩት። የሙዳሲርም ተከትሎ ሄደ፤ በትልቁ በር፣ ሰው ሁሉ በሚወጣበት።

ጄነሬተሬ ጋ ተመለስኩና ዘይቴን ለካሁ። ሙሉ ነበር።